ሩጫው ለአካል ጉዳተኞች ከሆነ፣ እነሱስ የት ይሮጣሉ?

«ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ 5 ኪሎ ሜትር እንሩጥ» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ይደርሰናል። ከታች ቀን፣ ሰዓት፣ የቲሸርት ልክ። ጓደኛ ለጓደኛ ይልካል፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በቡድን ይመዘገባሉ፣ በዕለቱ ሙዚቃ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ሜዳሊያ አለ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

እሰይ። እኔ እንዲህ ያለ ሩጫ ቢበዛ ደስ ይለኛል፤ ይህንንም የምጽፈው ማንም ሰው እንዲቀር አይደለም። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው፣ ማየት የተሳነው ሰው፣ መስማት የተሳነው ሰው፣ እንደማንኛውም ተመዝጋቢ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ እዚህ ሩጫ ላይ መሳተፍ ይችላል ወይ? «አዎ፣ ለዚህ እንዲህ እንዲህ አድርገናል» ካሏችሁ ጥሩ ቦታ ደርሳችኋል። «ለእነሱማ መድረኩ አጠገብ የክብር ወንበር አዘጋጅተናል» ካሏችሁ ግን ነገሩ ያጠያይቃል። ሰው በስሙ ገንዘብ ተሰብስቦለት፣ በስሙ ተሩጦለት፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ሲያጨበጭብ ይውላል ማለት ነው። ይሄ ከንፈር ከመምጠጥ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ላብ ያለበት መሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ቁጥር 1.3 ቢሊዮን ይደርሳል። ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ፣ ማለትም ከ6 ሰው አንዱ። እንግዲህ 600 ሰው የተመዘገበበት ሩጫ ላይ 100 አካል ጉዳተኞች መኖር ነበረባቸው ብዬ ድርቅ አልልም፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ጉዳታቸው ዓይን ላይ አይታይም። ግን 600 ሰው ተመዝግቦ አንድም ከሌለ፣ ሰዎቹ መሮጥ ጠልተው ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሆነ ቦታ ላይ በር ተዘግቶባቸዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ የሆይት አባትና ልጅ ታሪክ ነው። ሪክ ሆይት አሜሪካ ውስጥ በ1962 ተወለደ። ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ኦክስጅን ተቋርጦ ነበር፤ በዚህ የተነሳ መራመድም መናገርም ሳይችል አደገ። ሐሳቡን የሚገልጸው በጭንቅላቱ እየነካ ፊደል በሚመርጥበት ኮምፒዩተር ነበር። በ1977 አንድ ስፖርተኛ አደጋ ደርሶበት ሽባ ሆነና እሱን ለመርዳት የ5 ማይል፣ ማለትም የ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተዘጋጀ። የ15 ዓመቱ ሪክ ይህን ሰማ። አባቱን «እኔም እሮጣለሁ» አለው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ሩጫው ለአካል ጉዳተኛ የተዘጋጀ የእርዳታ ሩጫ ነው። ሪክ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ነው። ማንም ሰው ቢጠየቅ ሪክን ከተረጂው ወገን ነው የሚመድበው። እሱ ግን የመጣው ከረጂው ወገን ነው፤ ለዚያ ለተጎዳው ልጅ ሕይወት እንደማያበቃ ሊያሳየው ፈልጎ ነው። አባቱ ዲክ ሯጭ አልነበረም፣ ዕድሜውም 40 እየተጠጋ ነበር፣ ዊልቸሩም ለሩጫ የተሠራ አይደለም። እየገፋው 8 ኪሎ ሜትሩን ጨረሱ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጡ። ማታ ሪክ በኮምፒዩተሩ ለአባቱ፣ ስንሮጥ ጉዳቴ ያለ አይመስለኝም የሚል መልእክት ጻፈለት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከ1,000 በላይ ውድድሮች ላይ ተሳተፉ፣ የቦስተን ማራቶንን ብቻ 32 ጊዜ ሮጡ። መጀመሪያ አካባቢ ታዲያ አዘጋጆች አይቀበሏቸውም ነበር። ምደባቸው ግራ ያጋባል፤ ሯጭ ናቸው? የዊልቸር ተወዳዳሪ ናቸው? ቦስተን ላይ በይፋ ለመመዝገብ ሌላ ማራቶን ሮጠው የተጠየቀውን ሰዓት ማምጣት ነበረባቸው፤ አመጡ።

እንዲህ ያለው በር በራሱ ተከፍቶ አያውቅም። ቦብ ሆል የሚባል ወጣት በ1975 ቦስተንን በዊልቸር ልወዳደር ብሎ ሲጠይቅ፣ የውድድሩ ኃላፊ ከ3 ሰዓት በታች ከገባህ ለሌሎቹ የምንሰጠውን ሰርተፍኬት እንሰጥሃለን አለው። በ2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ገባ። ዛሬ ቦስተን ላይ የወንዶች ዊልቸር አሸናፊ ከ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ በታች ሲገባ አይተናል፤ በእግር የሚሮጠው አሸናፊ ገና 50 ደቂቃ ያህል ይቀረዋል። የካናዳው ቴሪ ፎክስ ደግሞ በካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩን ካጣ በኋላ በ1980 በሰው ሠራሽ እግር ለ143 ቀናት እየሮጠ 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ። ገንዘቡን የሰበሰበው ለአካል ጉዳተኞች አልነበረም፣ ለካንሰር ምርምር ነው። አካል ጉዳተኛው ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ። የእኛውን አበበ ቢቂላንም ማንሳት ይቻላል፤ ሮምና ቶኪዮን ሁላችንም እንተርካለን፣ በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ በዓመቱ እንግሊዝ አገር የዊልቸር ተወዳዳሪዎች ጨዋታ ላይ ቀስት ይዞ መቅረቡን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም።

መሳተፍ መብት ነው የሚለው ነገር የጽሑፍ መሠረትም አለው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 ላይ ስለ መዝናኛና ስፖርት በግልጽ ይናገራል፤ አካል ጉዳተኞች ከሌላው እኩል ለሁሉም ክፍት በሆኑ ስፖርቶች ላይ እንዲሳተፉ ማበረታታት ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮች ግዴታ ነው። የሰፈር የእርዳታ ሩጫ ደግሞ ለሁሉም ክፍት ከሚባሉት ስፖርቶች ሁሉ ቀላሉ ነው።

ታዲያ በሩ የሚዘጋው የት ላይ ነው? ክፋት ያለው ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። የሚዘጋው በጥቃቅን ነገሮች ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ አዘጋጆች ሲነገራቸው ይገረማሉ።

መጀመሪያ ማስታወቂያው ራሱ። ብዙ ጊዜ በፎቶ መልክ ነው የሚለቀቀው፣ ጽሑፉ በሙሉ ፎቶው ውስጥ ነው። ማየት የተሳነው ሰው ስልኩ ላይ ያለው ድምፅ አንባቢ ፎቶ ላይ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፋል። ሰውየው ሩጫ መኖሩንም አላወቀ። መረጃውን ከፎቶው ሥር በጽሑፍ መድገም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ መንገዱ። ለዊልቸር መወጣጫ በሰፊው የሚሠራበት ልኬት 1 ለ12 ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደፍ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ጣውላ ወርውሮ መሄድ አይሆንም። ጠጠርና ሣር በእግር ለሚሮጥ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፣ በዊልቸር ለሚሄድ ግን ጎማ የሚውጥ ነገር ነው። መነሻና መድረሻ ላይ መሬት ለመሬት የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድም እንዲሁ። ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሯጭ ደግሞ ላብ ሲያልበው እግሩ ከገባበት ማቀፊያ ይንሸራተታል፤ አውልቆ አድርቆ መልሶ ማጥለቅ አለበት፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር መንገድ ዳር አንድ ሁለት ወንበር ነው። ሌላ ምንም አይደለም። መስማት ለተሳነው ሰው ፊሽካ ወይም ሽጉጥ ትርጉም የለውም፣ ባንዲራ ዝቅ ማድረግ ወይም መብራት ይበቃል። ድምፅና ግርግር ለሚረብሸው ሰው፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ አንድ ጸጥ ያለ ጥግ እና አስቀድሞ የተላከ ካርታ ቀኑን ሙሉ ይለውጡለታል። መጸዳጃ ቤቱ በሩ ጠባብ ከሆነ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ዋጋ የለውም።

የመነሻ ቅደም ተከተልም አለ። የውድድር ዊልቸር የሚነዱ ሰዎች ቀድመው መነሳት አለባቸው፤ ፍጥነታቸው ከሯጮች ይበልጣል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በአንዴ ማቆም አይችሉም፣ ሰው መሀል ከገቡ እነሱም ሌላውም ይጎዳል። አንዳንድ ቦታ ግን «እንዳይረብሹ» ተብለው መጨረሻ ላይ ይደረጋሉ። ተገላቢጦሽ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን መጨረሻ ላይ የሚሆነው ነው። የመጀመሪያዎቹ 200 ሰዎች ገቡ፣ ሙዚቃው ሞቀ፣ ንግግር ተደረገ፣ እንግዶች ሄዱ። ከዚያ በጎ ፈቃደኞቹ የውሃ ጠረጴዛውን መሰብሰብ ይጀምራሉ፣ መንገዱ ለመኪና ይከፈታል፣ የመድረሻው ቅስት ይፈርሳል። በክራንች 5 ኪሎ ሜትር የሄደችው ሴት ስትደርስ የሚጠብቃት የተበተነ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሩጫው ለማን ነበር? አዘጋጁ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ድረስ መድረሻውን ክፍት ለማድረግ ካልወሰነ፣ ቢያንስ ለዘገምተኞች ቀደም ብሎ የሚነሳ ቡድን ያዘጋጅ። ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፣ የሰዓት ሠሌዳ ጉዳይ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን እንነጋገር። የምትከፍሉት መመዝገቢያ በሙሉ ለተረጂው ይደርሳል ብላችሁ አትገምቱ። ቲሸርት አለ፣ ሜዳሊያ አለ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አምቡላንስ፣ ጥበቃ፣ ውሃ። እነዚህ ወጪዎች ሕጋዊና ተገቢ ናቸው፤ ችግሩ ሳይነገር ሲቀር ነው። «ሙሉ ገቢው» እና «ከገቢው ላይ የተወሰነው» በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ማስታወቂያው ላይ የትኛው እንደተጻፈ አንብቡ። ጭራሽ ካልተጻፈ ጠይቁ። ዓለም ላይ የተለያየ አሠራር አለ። በቴሪ ፎክስ ስም የሚካሄደው ሩጫ የግዴታ መመዝገቢያ ክፍያ የለውም፣ ሰው የፈለገውን ይሰጣል። ከ2014 ጀምሮ በብዙ አገሮች በተመሳሳይ ሰዓት የሚጀመረው ዊንግስ ፎር ላይፍ የሚባለው ሩጫ ደግሞ ወጪውን ስፖንሰር ስለሚሸፍን መመዝገቢያው በሙሉ ለአከርካሪ ጉዳት ምርምር ይሄዳል። (የዚህኛው አሪፍ ነገር መድረሻ መስመር የሌለው መሆኑ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከኋላ መኪና ይነሳና የደረሰበት ሰው ያበቃል። በዊልቸር ያለውም፣ የሚራመደውም፣ ፈጣኑም በዚያው ሕግ ይጨርሳል፣ «መጨረሻ የወጣ» የሚባል ሰው የለም።) እንደ ለንደን ማራቶን ባሉት ደግሞ ብዙው ገንዘብ የሚመጣው ሯጮች ከዘመድና ከጓደኛ ከሚሰበስቡት ነው፤ ከ1981 ጀምሮ በዚህ መንገድ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቧል። ከዚህ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው። መመዝገቢያ ከፍሎ ቲሸርት ለብሶ ከመሄድ ይልቅ፣ ለ10 ሰው ደውሎ «እሮጣለሁ፣ ትንሽ አዋጡ» ማለት ብዙ ገንዘብ ያመጣል።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውልም ማወቅ አለባችሁ። ከሩጫ በኋላ በጣም የሚወደደው ዊልቸር ማደል ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ግን ዊልቸር በልክ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ከሰውነቱ ጋር የማይመጥን ዊልቸር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው የአልጋ ቁስል እንደሚባለው ያለ ቁስል ሊወጣበት ይችላል፣ ያ ቁስል ደግሞ ስሜት በሌለው አካል ላይ ከሆነ ሳይታወቅ ቆይቶ ሕይወት ድረስ የሚያሰጋ ነው። ጎማው ሲፈነዳ መለዋወጫ ከሌለ ጥግ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ልክ የሚወስድ ባለሙያና የጥገና ቦታ ሳይታሰብ ብዙ ዊልቸር ገዝቶ ማደል በጎ ሐሳብ ያለው ብክነት ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ማኅበር በአካል ጉዳተኞች የሚመራ ከሆነ ይህ ስህተት ይቀንሳል፤ ምን እንደሚጎድል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም አይወሰን» የሚለው የንቅናቄው መፈክር ለሩጫ ኮሚቴም ይሠራል። ኮሚቴው ውስጥ ስንት አካል ጉዳተኛ አለ? ዜሮ ከሆነ ከላይ የዘረዘርኳቸው ችግሮች ሁሉ ከዚያ ነው የሚመነጩት።

አንድ ክርክር አውቃለሁ። «ለመወጣጫና ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የምናወጣው ገንዘብ ለተረጂዎች ከሚደርሰው ላይ ይቀነሳል» ይባላል። መልሴ አጭር ነው። ከቲሸርቱ ቀንሱ። ካልተቻለም መንገዱን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት፣ ያኔ መወጣጫም አያስፈልግም።

እናንተስ? ሮጣችሁ መሄድ ብቻ ካልበቃችሁ፣ ማየት ከተሳነው ሰው ጋር እንደ መሪ ሯጭ ሆኖ መሮጥ አለ። እኔ እንደማስበው አንድ ጤነኛ ሯጭ በዚህ ዓይነት ቀን ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለታችሁ አጭር ገመድ ጫፍና ጫፍ ትይዛላችሁ፣ ወይም እሱ ክንዳችሁን ይይዛል። እጃችሁና እግራችሁ ተስማምተው እንዲሄዱ ትለምዳላችሁ። ዓይን እናንተ ናችሁ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን እሱ ነው። አትጎትቱም። አትገፉም። ትናገራላችሁ፤ «ከፊታችን ደፍ አለ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ»፣ «ወደ ግራ ቀስ ብሎ ይታጠፋል»፣ «ሰው በዝቷል፣ ጠበብ እንበል»። በዚህ ምክንያት መሪው ከሚመራው ሰው የተሻለ አቅም ቢኖረው ይመረጣል፤ ትንፋሽ እያጠረው መናገር የማይችል መሪ አደጋ ነው። ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ) ላይ ከመሪ ጋር ለሚሮጡት በወጣው ሕግ መሪው ከሯጩ ቀድሞ መስመሩን ካለፈ ሯጩ ውጤቱ ይሰረዝበታል። በሰፈር ሩጫ ማንም አይሰርዝባችሁም፣ ግን ልማዱን ያዙት፣ መጀመሪያ እሱ ይግባ።

አንድ ቀን ብቻ ተገናኝቶ መሮጥ ግን አይሆንም። ቢያንስ ጥቂት ጊዜ አብራችሁ ተለማመዱ። እንዴት መመራት እንደሚፈልግ እሱን ጠይቁት፤ አንዱ ብዙ ወሬ ይፈልጋል፣ ሌላው አስፈላጊውን ብቻ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ዳገት ላይ ሲቸገር ብታዩም ዘላችሁ አትግፉ። «ላግዝህ?» በሉት። አይ ካለ አይ ነው፣ አትከራከሩ፣ አትቀየሙ።

ፎቶ ላይም እንዲሁ። የአውስትራሊያዋ ጋዜጠኛና ኮሜዲያን ስቴላ ያንግ፣ እሷም ዊልቸር ተጠቃሚ፣ በ2014 ሲድኒ ላይ ባደረገችው ንግግር አካል ጉዳተኞችን የሌላው ሰው ማነቃቂያ አድርጎ ማቅረብን አምርራ ተቃውማለች። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ የሰፈር ሰው ለሽልማት ሊያጯት ፈልገው ወላጆቿን ሲያነጋግሩ፣ ወላጆቿ «ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ግን ምንም የተለየ ነገር አልሠራችም እኮ» ማለታቸውን ተናግራለች። ትክክል ናቸው። አንድ ሰው 5 ኪሎ ሜትር በክራንች ከጨረሰ ጀግና ልትሉት ትችሉ ይሆናል፣ ግን እሱ ምናልባት በየቀኑ ሥራ የሚሄደው እንደዚያው ነው። ሳትጠይቁት ፎቶ አንስታችሁ «እሱ ከቻለ እኔ ምን ሰበብ አለኝ?» ብላችሁ ብትለጥፉ፣ ሰውየውን ለራሳችሁ መነቃቂያ አደረጋችሁት። ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንደተሰማው ጠይቁት፤ እንደ ሯጭ። ሰዓቱን ማሻሻል አስቦ ከሆነ፣ አለመሻሻሉ አናዶትም ሊሆን ይችላል።

ሰፈራችሁ ያለው ሩጫ ከላይ ካልኩት ብዙውን ካላሟላስ? ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ከሆነ፣ እኔ ብትሮጡ እላለሁ። ግን ከመሮጣችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉ። አጭር ይሁን፦ የዊልቸር ምድብ አለ? መንገዱ ስንት ደፍ አለው? መድረሻው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ማየት ለተሳናቸው መሪ ሯጭ ታዘጋጃላችሁ፣ ካልሆነ እኔ ልሁን? ዐሥር ተመዝጋቢ ይህን ከጠየቀ ኮሚቴው ስብሰባ ይጠራል። አንድ ሰው ብቻ ከጠየቀም ምላሽ ለመጻፍ ሲሉ መንገዱን ሄደው ማየታቸው አይቀርም፣ ደፉ ያኔ ይታያል።